ተምችን በክንፉ ማወቅ



በአዊ ዞን ተምችን የማያውቅ ገበሬ የለም። የምናውቀው ግን ትሉን ነው። የበቆሎው ቅጠል ተበሳስቶ፣ መሃሉ ተቦጫጭቆ፣ ኩስ ተከምሮበት ስናገኘው ቅጠሉን ገልጠን የምንይዘውን ያን ትል። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለ እናቱ ነው፤ ማታ ማታ መብራት ዙሪያ ስለምትሽከረከረው፣ ማንም ልብ ብሎ ስለማያያት ቡናማ የእሳት እራት። ትሉን ባየን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል አርፍደናል። እናቱ በሌሊት መጥታ ሥራዋን ጨርሳ ሄዳለች። ስለዚህ ተምችን በክንፉ ጊዜ ካላወቅነው በጥርሱ ጊዜ ብቻ እያወቅነው እንኖራለን፤ ጉዳታችንም ከዚያ ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

ሳይንሱ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ ይላታል፤ እኛ ደግሞ የአሜሪካ መጤ ተምች እንላታለን። የትውልድ አገሯ የአሜሪካ አህጉር ሞቃታማ ክፍል ነው። መጀመሪያ በሳይንስ መዝገብ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1797 ነው። ጆን አቦት የሚባል ሠዓሊ በጆርጂያ እየኖረ ቢራቢሮዎችንና የእሳት እራቶችን ከነትላቸው፣ ከሚበሉት ተክል ጋር ይሥል ነበር፤ ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ የሚባል የዕፅዋት ሊቅ ሥዕሎቹን ለንደን ላይ በመጽሐፍ ሲያሳትም ለዚች ፍጥረት ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በዚያው በአሜሪካ ምድር ተወስና ኖረች። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ግን ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ተገኘች፤ ናይጄሪያ ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። በዓመቱ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም.፣ ሸካ ዞን የኪ ወረዳ ላይ በቆሎ ስትበላ ታየች። በዚያው ዓመት የአማራ ክልል በቆሎ ውስጥም ገባች። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕንድን፣ በ2019 ቻይናን፣ በ2020 አውስትራሊያን ያዘች። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ምድር ያዳረሰ የሰብል ጠላት ብዙ አይገኝም።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን «ተምች እኮ ዱሮም ነበረ» ይሉኛል። እውነት ነው። አባቶቻችን የሚያውቁት ተምች የአፍሪካው ተምች ነው፤ የዚችው የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ጠባዩ ሌላ ነው። የአፍሪካው ተምች ነፋስ ከደቡብ፣ ከኬንያና ከታንዛኒያ በኩል፣ ከዝናብ ጋር ያመጣዋል። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ትሉ አረንጓዴ ሆኖ ሣር ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ሲበዛና ሲተፋፈግ ግን መልኩን ቀይሮ ጥቁር ይሆናል፣ ተሰልፎም ይጓዛል። ጤፉን፣ ዳጉሳውን፣ ግጦሹን ሙልጭ አድርጎ ሲበላ በቀን ብርሃን ይታያል። ገበሬው ተጠራርቶ ወጥቶ፣ ቦይ ቆፍሮ ይገጥመዋል። መጤው ግን አይሰለፍም። ለየብቻው፣ በየበቆሎው መሃል ተሸሽጎ ይበላል። በሩቅ ያየው ሰው ማሳው ደህና ይመስለዋል። ለዚህ ነው የዱሮው ዕውቀታችን ብቻውን የማይበቃን።

አሁን ይህን ብልቃጥ ከፊት ያላችሁ እየተቀባበላችሁ እዩልኝ፤ ክዳኑ አይከፈት። ውስጡ ሁለት የደረቁ የእሳት እራቶች አሉ፣ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት። ክንፋቸው ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ሴቲቱን ስታዩ ለዓይን የሚገባ ነገር አታገኙባትም፤ የፊት ክንፏ ወጥ ግራጫማ ቡናማ ነው። ወንዱን ግን ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ተመልከቱት። የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ሦስት ማዕዘን የሆነ ነጭ ምልክት አለው። ወደ ክንፉ መካከል ደግሞ ደመቅ ያለ፣ ሰያፍ የሆነ ሞላላ ነጥብ ታያላችሁ። ከሥር ያለው የኋላ ክንፍ በሁለቱም ላይ ብርማ ነጭ ነው፤ ጠርዙን ቀጭን ጥቁር መስመር ከቦታል። ክንፋቸውን ሲነኩት እጅ ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፉ ቅርፊት ነው። እንዲህ ያለው ቅርፊት ኋላ ላይ ሌላ አገልግሎት ስላለው ልብ በሉልኝ።

ቀን ቀን ቅጠል ውስጥ ወይም መሬት ላይ ተሸሽጋ ትውላለች። የምትንቀሳቀሰው ማታ ነው፤ በተለይ አየሩ ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው ምሽት ይስማማታል። አበባ ላይ እየዞረች በረጅሙ ጥምዝ ምላሷ የአበባ ማር ትመጥጣለች እንጂ የሚያኝክ አፍ የላትም። በቆሎ የምትበላው እሷ አይደለችም፤ እሷ የምታስበላ ናት። የሌሊት ወፍ እንዳትበላት የምትጠብቅበት ጆሮም አላት። ጆሮዋ ደረቷ ላይ ከኋላ ክንፏ ሥር ያለ ስስ ገለፈት ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ድምፅ የሚሰሙት ሁለት ሕዋሳት ብቻ ናቸው፤ ግን የሌሊት ወፍ የሚያሰማውን፣ የእኛ ጆሮ የማይደርስበትን ቀጭን ድምፅ ለይታ ለማምለጥ በቂ ናቸው። ሁለት ሕዋስ ይዞ ነፍስን ማዳን መቻል ለእኔ ከፍጥረት ድንቆች አንዱ ነው።

መብራት ዙሪያ ለምን ይሽከረከራሉ? ብርሃን የሚስባቸው ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት በፈጣን ካሜራ ተከታትሎ ያሳየው ሌላ ነው። በሌሊት የሚበርሩ ነፍሳት ወደ ላይ የቱ፣ ወደ ታች የቱ እንደሆነ የሚያውቁት ጀርባቸውን ወደ ብሩህ ነገር አዙረው ነው፤ በተፈጥሮ ብሩሁ ሰማዩ ነው። አምፖል ሲያጋጥማቸው ጀርባቸውን ለአምፖሉ ይሰጣሉ፣ በዚያም የተነሳ ዙሪያውን እየጠመዘዙ መውጫ ያጣሉ። ኤሌክትሪክ በየቀበሌው እየገባ ባለበት በዚህ ጊዜ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። የበረንዳችሁ መብራት ከማሳው ምን እንደመጣ የሚነግራችሁ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ወንድና ሴት የሚገናኙት በጠረን ነው። ሴቲቱ ተክል ላይ ቆማ ከሆዷ ጫፍ አንድ ዓይነት ሽታ ትለቅቃለች፤ ሰው አያሸተውም፣ ወንዱ ግን ከሩቅ በነፋስ ተከትሎት ይመጣል። ሳይንቲስቶች ይህን ሽታ በቤተ ሙከራ ሠርተው ወጥመድ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ፌሮሞን ወጥመድ የምንለው ይህ ነው። ወጥመዱ የሚይዘው ወንዶችን ብቻ ስለሆነ ተምችን አያጠፋም። ጥቅሙ ወሬ ማቀበሉ ነው፤ ወንዶቹ ወጥመድ ውስጥ መውደቅ ከጀመሩ ሴቶቹም መጥተዋል ማለት ነው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ቅጠል ማገላበጥ ነው።

እንስቲቱ እንቁላሏን መጣል የምትጀምረው ክንፍ ባወጣች በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ቀኗ ነው። አብዛኛውንም በጥቂት ቀን ውስጥ ትጨርሳለች። በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 200 እንቁላል ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ በዕድሜዋ በአማካይ 1,500 ያህል። ከሆዷ ላይ ቅርፊቷን እየነቀለች እንቁላሉን ትሸፍነዋለች። ቅርፊቱን ልብ በሉልኝ ያልሁት ለዚህ ነው። የበቆሎ ቅጠል ስትገለብጡ እንጀራ ላይ እንደወጣ ሻጋታ ያለ ግራጫ ነገር ካያችሁ፣ ሻጋታ ብላችሁ አትለፉት። በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ፈግፍጉት፤ ከሥሩ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጡ እንቁላሎች ተደርድረው ታገኛላችሁ። ያንን ቅጠል ቆርጦ መጨፍለቅ ከመቶ በላይ ትልን በአንድ ጊዜ መግደል ነው። ከዚህ የሚረክስ፣ ከዚህ የሚፈጥን መከላከያ እኔ አላውቅም።

በሞቃት አየር እንቁላሉ በሁለት ሦስት ቀን ይፈለፈላል። የሚወጡት ትሎች ከዓይን የማይገቡ ደቃቆች ናቸው። ቅጠሉን ከአንድ ወገን ፋቅ ፋቅ እያደረጉ ይበሉታል፤ የተበላው ቦታ ስስ ነጭ መስኮት ይሆናል። ከዚያ ቀጭን ክር ያወጣሉ፣ ነፋስ ክሩን ይዞ ወደ ጎረቤት በቆሎ ያደርሳቸዋል። እያደጉ ሲመጡ ገና ወዳልተፈታው የመሃል ቅጠል ይገባሉ፤ እዚያ ውስጥ እርስ በርስ ይበላላሉ፣ በአንድ በቆሎ ላይም አንድ ወይም ሁለት ይቀራል። ትሉ ስድስት ዕድሜ አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ቆዳውን ይገፋል። ሙሉ ሲሆን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። መለያውን ደግሞ ሁላችሁም ያዙልኝ። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የላቲን ዋይ ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ መስመር አለው፤ ለእኛ «ሰ» የሚቀርብ ነው። ከጅራቱ አጠገብ፣ ከመጨረሻው ቀጥሎ ባለው ክፍል ላይ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። የግንባሩ መስመር በዘመዶቹም ላይ ስለማይጠፋ፣ የምትተማመኑት በአራቱ ነጥብ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ትሉ በዕድሜው ሙሉ ከሚበላው ቅጠል ከ100 እጅ 77 እጁን የሚበላው በስድስተኛው፣ በመጨረሻው ዕድሜው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዕድሜዎቹ የሚበላው ሁሉ ቢደመር 2 በመቶ አይሞላም። እንግዲህ ገበሬው «ተምች ገባብኝ» ብሎ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጠው መቼ ነው? ቅጠሉ ተቦጭቆ፣ ኩሱ ተከምሮ ሲያይ ነው፤ ያ ማለት ትሉ የመጨረሻውን ድርሻውን እየበላ ወይም ጨርሶ ሳለ ነው። ያን ጊዜ የበቆሎው መሃል ውስጥ በገዛ ኩሱ ተደፍኖ ስለሚቀመጥ ርጭቱ አይደርስበትም። ገንዘቡ ይወጣል፣ መርዙ ይረጫል፣ ትሉ ግን በሰላም ወደ አፈር ይወርዳል። ይህን እያየሁ ዝም ማለት ስለማልችል ነው ዛሬ እዚህ የቆምሁት።

ከአፈር ሥር ከ2 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ሙሽሬ ይሆናል፤ ቀይ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የማይበላ የማይንቀሳቀስ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ትልነቱ ፈርሶ ክንፍ ይሠራል። ከዚያ አንድ ምሽት መሬት ሰንጥቃ የምትወጣው ያች የእሳት እራት ናት።

ይህ ሁሉ ስንት ቀን ይፈጃል ብትሉኝ፣ መልሱ አዊን ለሚያውቅ ሰው ደስ የሚል ነው፤ የሚወሰነው በሙቀት ነውና። በቤተ ሙከራ በ18 ዲግሪ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ክንፍ 71 ቀን ያህል ይፈጅባታል። በ32 ዲግሪ ግን 20 ቀን ይበቃታል። ከ12 ወይም 13 ዲግሪ በታች ዕድገቷ ይቆማል። እንግዲህ አገራችንን አስቡት። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ የዚያ ብርድ ለእሷ ከባድ ነው። ዳንግላ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ መካከለኛ ነው፤ እዚያ ትራባለች፣ ግን ቀስ ብላ። ጃዊ ቆላ ደግሞ ለእሷ የተመቸ ቤት ነው፤ እዚያ በአንድ የዝናብ ወራት ብዙ ትውልድ ልትፈራርቅ ትችላለች። አንድ ዞን ውስጥ ሆነን የሦስት ዓይነት ጦርነት ላይ ነን ማለት ይቻላል። የደጋው ገበሬ «እኛ ጋ ብርድ ስለሆነ አያሰጋንም» ሊል አይገባውም፤ ይህች የእሳት እራት ነፋስ ተሳፍራ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ትችላለች። ከጃዊ ወደ ዳንግላ ለመውጣት ወር አያስፈልጋትም።

ሌላም ጠባይ አላት። ብዙ ነፍሳት ክፉውን ወቅት ተኝተው ያሳልፋሉ፤ እሷ መተኛት አትችልም። ዓመቱን ሙሉ የሚበላ ለምለም ነገር ትፈልጋለች። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ክረምቱን የምትሻገረው ፍሎሪዳና ቴክሳስን በመሰሉ ሞቃት ደቡባዊ አካባቢዎች ብቻ ነው፤ ሰሜኑን በየዓመቱ እንደገና በርራ ነው የምትይዘው። እኛ ጋ በበጋ ከጉድጓድ ውሃ እየቀዳን፣ ወንዝ እየጠለፍን የምናለማው መስኖ እየሰፋ ነው፤ በዳንግላ ወረዳ ይህን በዓይናችን እያየን ነው። መስኖ በረከት ነው፣ ማንም አይነካብንም። ነገር ግን በበጋ የተዘራ በቆሎ የክረምቱን ተምች ሊመግብ እንደሚችል አውቀን፣ የበጋውን ማሳ ከክረምቱ ይበልጥ ልንመለከተው ይገባል። በቆሎ ብቻም አይደለም ምግቧ፤ ከ350 በላይ የተክል ዓይነት ላይ ተመዝግባለች።

ወዳጆችም አሉን፤ ሳናውቃቸው የሚሠሩልን። ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትባል ከትንኝ ብዙም የማትበልጥ ጥገኛ ተርብ አለች። እንቁላሏን ትሉ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፣ ልጇ ትሉን ከውስጥ በልታ ትገድለዋለች። መጤው ተምች አገራችን በገባበት እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ ማሳዎች በተደረገ ጥናት፣ ይህች ተርብ ከትሎቹ ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑትን ይዛ ተገኝታለች። ከውጭ አልመጣችም፤ እዚሁ የነበረች የአፍሪካ ልጅ ናት። ማንም ሳያሰማራት አዲሱን ጠላት በመጀመሪያው ዓመት ገጠመችው። ጉንዳን፣ ጢንዚዛ፣ ወፍ፣ የሌሊት ወፍ ከእሷ ጋር ይሠራሉ። ማሳውን ያለ ልክ በመርዝ ስንነክር መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው፤ ትሉ ቅጠል ውስጥ ተሸሽጓል፣ እነሱ ግን ውጭ ናቸው። የአዊ ማርም ጉዳይ አለ። በቆሎ ሲያብብ ንቦቻችን ጽጌ ብናኙን ይለቅማሉ፤ በዚያ ጊዜ የሚረጭ መርዝ ቀፎ ድረስ ይመጣል።

ኬንያ የሚገኘው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ያስፋፋው ዘዴም አለ። በበቆሎው መደዳ መካከል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል ይዘራል፤ ሽታው እናቲቱን ያባርራታል። በማሳው ዙሪያ ብራኪያሪያ ሣር ይተከላል፤ እሱ ወደ ራሱ ይስባታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የምሥራቅ አፍሪካ ጥናት በዚህ ዘዴ በአንድ በቆሎ ላይ የሚገኘው ትል በ82.7 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ዴስሞዲየሙ አቀንጭራንም ይከላከላል፣ ሁለቱም ለከብት መኖ ይሆናሉ። የፈረስና የከብት አገር ለሆነው ለአዊ ይህ እጥፍ ድርብ ጥቅም ነው፤ የግብርና ባለሙያዎቻችን በሰፊው ሊሞክሩት ይገባል እላለሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በቆሎው ጥቂት ቅጠል ካወጣ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳ እንግባ። ዳር ዳሩን ብቻ አይደለም፤ እየተጠማዘዝን በአምስት ቦታ እንቁም፣ በየቦታው አሥር አሥር በቆሎ እንመርምር። የተጠቃው ከ100 ሃያ ካልሞላ፣ በእጅ መልቀምና እንቁላል መጨፍለቅ ይበቃል። በቆሎው ከፍ ካለ በኋላ ደግሞ እስከ አርባ ሊታገሥ ይችላል፤ በቆሎ የተበላ ቅጠሉን የመተካት አቅም አለው፣ የተበሳሳ ቅጠል ሁሉ የጠፋ ምርት አይደለም። መሃሉ ላይ አፈር ወይም አመድ መነስነስ የብዙ አገር ገበሬ የሚጠቀምበት ነው። መርዝ ግድ ከሆነ ትሉ ደቃቅ ሳለ፣ ወደ ማታ፣ በባለሙያ ምክር፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ጓንት ተደርጎ ይሁን። የመርዙ ዕቃ ውሃ መቅጃ ከቶ አይሁን።

መምህራን ሆይ፣ እናንተን የምለምነው አንድ ነገር አለ። ተማሪዎቻችሁ የእሳት እራትን አራት የሕይወት ደረጃ ከሰሌዳ ገልብጠው ለፈተና ያጠኑታል። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ አንድ የፌሮሞን ወጥመድ በትምህርት ቤቱ ግቢ ስቀሉ፤ ልጆቹ በየጠዋቱ የወደቁትን ይቁጠሩ፣ ክንፋቸውን ገልጠው ነጩን ሦስት ማዕዘን ይፈልጉ፣ ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ይጻፉ። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቀን ልጆቹ ለወላጆቻቸው፣ እናንተም ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ንገሩ። ከጃዊ፣ ከዳንግላ፣ ከእንጅባራ የተጻፈው ቁጥር በስልክ ከተለዋወጠ፣ ቆላ የተነሳችውን እናት ደጋው እንቁላሏን ሳትጥል ይሰማታል። ይህን ለመጀመር አንድ ወጥመድ፣ አንድ ደብተርና ጎበዝ ተማሪዎች ይበቃሉ።